አሥራ አንድ ነበርን

እናቴ ሥራዬን ለጎረቤት የምታስረዳው በሦስት ቃል ነበር፤ «የጠፋ ዕቃ ይፈልጋል»። የሰማ ሁሉ ወደ ልቡናው የሚመጣው ከመንጋው ተነጥሎ በራያ ሜዳ የቀረ በሬ ወይም ግመል፣ እሱንም ለማግኘት የሚቀመጡት አውጫጭኝ ነው። አንድ ቀን ከቡና ላይ አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ትክ ብለው አዩኝና «ታዲያ ቁጭ ብሎ እንዴት ይገኛል? የጠፋ ነገር እኮ በእግር ነው የሚፈለግ» አሉኝ። ሳቅሁ። መልስ ግን አልነበረኝም።

ሥራዬ በርግጥ ፍለጋ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ለአየር መንገዶች የደንበኛ አገልግሎት በሚሰጥ አንድ ድርጅት ተቀጥሬ፣ ሻንጣቸው የዘገየባቸውንና የጠፋባቸውን መንገደኞች ጉዳይ እከታተል ነበር። በሻንጣ እጀታ ላይ የሚታሰረው ወረቀት 10 አኃዝ ያለው ቁጥር አለው። በዚያ ቁጥር እየተመራሁ ሻንጣው ከየት ተነሥቶ የት እንደቀረ አጠያይቃለሁ፤ ለባለቤቱ እጽፋለሁ፤ እደውላለሁ። በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት በ21 ቀን ውስጥ ያልደረሰ ሻንጣ እንደጠፋ ተቆጥሮ ባለቤቱ ካሣ ይጠይቅበታል። ሃያ አንድ ቀን! ይህችን ቁጥር አንባቢዬ አደራ ያዝልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

የአውሮፕላን ሠራተኛ ሲባል ሰው የሚያስበው አብራሪውንና አስተናጋጇን ነው። አንዲት አውሮፕላን ከመሬት እንድትነሣ ግን ስንት እጅ ያስፈልጋል! ጭነት የሚጭነው፣ ነዳጅ የሚሞላው፣ ወንበር ሥር ተንበርክኮ የሚያጸዳው፣ ብሎን የሚያጠብቀው፣ ትኬት የሚቆርጠው፣ ስልክ የሚመልሰው… እነዚህ ሁሉ ሰማዩን የሚያውቁት ከታች ሆነው ነው። እኔም ከእነሱ አንዱ ነበርሁ። ስለ አውሮፕላን እያወራሁ የምኖር፣ በአውሮፕላን ግን አንድ ጊዜ እንኳ ተሳፍሬ የማላውቅ ሰው።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ። መንግሥት አብዛኞቹን የፌዴራል ሠራተኞች ከቤታቸው እንዲሠሩ አዘዘ፤ ብዙ የግል መሥሪያ ቤቶችም ተከተሉ። እኛም ላፕቶፕና የጆሮ ማዳመጫ በፌስታል ተሰጥቶን ወደየቤታችን ተላክን። አውሮፕላኖቹ ቢቆሙም ስልኩ አልቆመም፤ በረራው የተሰረዘበት ሁሉ ገንዘቡን ይጠይቅ ነበርና። እኔ ለአዲስ አበባ የቤት ኪራይ የሚበቃ ደመወዝ አልነበረኝም። እናቴም አባቴ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት። ኔትወርክ ካለ አዲስ አበባም ቆቦም ያው ነው ብዬ፣ 570 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዤ፣ ወልድያን አልፌ፣ ጎብዬንና ሮቢትን ተሻግሬ ከእናቴ ደጅ ደረስሁ።

የመጀመሪያዎቹን ወራት እስከ ዛሬ እናፍቃቸዋለሁ። ፀሐይ ከዞብል ተራራ ጀርባ ብቅ ስትል ሥራዬን እጀምራለሁ። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ላፕቶፑ እንደ ምጣድ ስለሚግል ከግቢው ዛፍ ጥላ ሥር እወስደዋለሁ። ከየት እንደምናገር ከተጠየቅሁ «ከአዲስ አበባ» እንድል ታዝዤ ነበር። አንድ ሌሊት ከሩቅ አገር የደወለች ሴት ሻንጣዋን እየገለጸችልኝ ሳለ የጎረቤት ዶሮ ጮኸ። ዝም አለች፤ ከዚያም በሳቅ «የምትሠራበትን ቢሮ ወደድሁት» አለችኝ። ሻንጣዋ በአራተኛው ቀን ተገኘ።

ነገር ግን ደስታዬ ሌላ ነገር ሸፍኖብኝ ኖሯል። የኢንተርኔቱን ክፍያ የምከፍለው እኔ ነበርሁ። መብራት ሲጠፋ የሚቋረጠው ሰዓት ከእኔ ይቆረጣል። የትራንስፖርትና የምሳ አበል «ቤታችሁ ናችሁ» ተብሎ ቀረ። ቢሮ ሳለን ሥራ የሚያበቃበት ሰዓት ነበረው፤ ቤት ግን በር ስለሌለው ሥራው እስከ እኩለ ሌሊት ይከተለኝ ጀመር። አልተናገርሁም። ከእናቴ ጋር መዋሌን እንደ ውለታ ቆጥሬዋለሁና፣ ውለታ ደግሞ አይከራከሩበትም። አሁን ሳስበው ስህተቴ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ውለታ ብለህ የተቀበልኸውን ነገር፣ የሰጠህ ሰው በፈለገው ቀን ቢወስድብህ ምን ብለህ ትሟገታለህ?

ቢሮ ሳለን የሠራተኛ ማኅበር ነበረን። ማኅበር ስል ጽሕፈት ቤትና ማኅተም ያለው ነገር እንዳይመስልህ። ማኅበራችን ይኖር የነበረው ሻይ ክበብ ውስጥ፣ በአንዲት ባልደረባችን ሰማያዊ ደብተር ላይ ነበር። በየወሩ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረች መዋጮ ትሰበስባለች፤ በዚያው የታመመውን፣ የወለደችውን፣ ያለአግባብ የተቀጣውን ሰምታ ትጽፋለች። ወደየቤታችን ስንበተን ሻይ ክበቡ ተዘጋ፤ ደብተሩም የሚዞርበት ጠረጴዛ አጣ። አዳዲስ የተቀጠሩትን እኔ በስም እንኳ አላውቃቸውም ነበር። ለአንድ ድርጅት እየሠራን አንዱ የሌላውን ድምፅ የማይሰማበት ጊዜ መጣ።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. አንበጣ ራያን ወረረ። ማሽላው ዘለላውን አጎንብሶ ለአጨዳ ጥቂት የቀረው ጊዜ ነበር። የቆቦ ሰው ጅራፍ እያጮኸ፣ ቆርቆሮ እየደበደበ፣ እየጮኸ ወጣ፤ ተማሪውም ነጋዴውም ማጭድ ይዞ የደረሰውንም ያልደረሰውንም ያጭድ ጀመር። እኔም የጆሮ ማዳመጫዬን አውልቄ ከአጎቴ ማሳ ገባሁ፤ ለሁለት ቀን ከኮምፒዩተሬ ጠፋሁ። ኬሚካል የሚረጭ አንድ አነስተኛ አውሮፕላን በሜዳው ላይ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ሕዝቡ ለአብራሪው እጁን አውለበለበ። እኔ ግን የሆነ ቦታ ኬሚካሉን የሚበጠብጠውንና ነዳጁን የሚሞላውን ሰው አሰብሁ። ለእሱ ማን እጁን ያውለበልብለታል?

በሦስተኛው ቀን ከቅርብ አለቃዬ ደብዳቤ በኢሜይል መጣ። ከአዲስ አበባ ውጭ ሆነው የሚሠሩ ሠራተኞች ከእንግዲህ በወር ደመወዝ ሳይሆን በፈጸሙት ጉዳይ ልክ እንዲከፈላቸው ተወስኗል፤ የሚስማማ እስከ ነገ ይመልስ፤ የማይስማማ በአምስት ቀን ውስጥ ቢሮ ይገኝ ይላል። ማታ ስልክም ተደወለልኝ። «ለአንተ ብለን ነው፤ ከእናትህ ጋር እንድትሆን» ተባልሁ። እናቴን አየኋት። ደክሟት ጋቢዋን ተከናንባ ተኝታለች፤ እጇ በማሽላ አገዳ ተቧጭሯል። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ አንዲት ቃል ጽፌ ላክሁ፤ «ተስማምቻለሁ»።

በማግሥቱ ያቺ ባለ ሰማያዊ ደብተር ባልደረባችን ሁለት ጊዜ ደወለችልኝ። ቁጥሯን አየሁት። አላነሣሁትም። ሥራ በዝቶብኝ አይደለም፤ ምን እንደምትጠይቀኝ ስለማውቅ ነው።

ኋላ እንደተረዳሁት ደብዳቤው የደረሰን አሥራ አንድ ነበርን። ከአሥራ አንዳችንም ጋር የተነጋገሩት ለየብቻ ነው፤ ለእያንዳንዱም «ሌሎቹ እኮ ፈርመዋል» ተብሏል። ለመጀመሪያው ሰው ይህ ሲነገረው ውሸት ነበር። ለቀሩት ለአሥሩ ግን እውነት ሆነ፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ሰው ፈርሟል። የመጀመሪያው ሰው እኔ ነበርሁ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም የሚጠይቀው ቢያንስ አሥር ሠራተኛ ነው። እኛ ማኅበር ነበረን፤ አዲስ መመሥረት እንኳ አላሻንም። ከአዲስ አበባ ውጭ የነበርነው ብቻ ብንሰባሰብ ግን፣ ከዚያ ቁጥር በአንድ ሰው እንበልጥ ነበር። ያጣነው ቁጥሩን ሳይሆን አንዳችን ስለ ሌላው መኖር ማወቅን ነው።

ያው አዋጅ በቤት ውስጥ ስለሚሠራ ሥራም ይናገራል። ሰው በቤቱ ወይም ራሱ በመረጠው ቦታ፣ ያለ አሠሪው ቀጥተኛ ቁጥጥር፣ በክፍያ ሲሠራ ውሉ ለተወሰነ ጊዜ ወይም ለቁርጥ ሥራ የተደረገ ሆኖ ይቆጠራል። ሳነበው ሕጉ በዓይነ ልቡናው ያየው እቤቱ የሚሸምነውን ሸማኔ፣ እደጁ የሚሰፋውን ልብስ ሰፊ መሰለኝ። እኔ ግን ቁጥጥር የሌለብኝ ሠራተኛ አልነበርሁም፤ ኮምፒዩተሩ ውኃ ለመጠጣት የተነሣሁባትን ደቂቃ ሳይቀር ይመዘግብ ነበር። በቁጥጥሩ እንደ ቢሮ ሠራተኛ፣ በክፍያው እንደ ሸማኔ ሆንሁ። አውሮፓ ውስጥ የሠራተኞችና የአሠሪዎች ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2002 ይህንኑ ጉዳይ ቁጭ ብለው ተነጋግረው ተስማምተውበት ነበር። ከርቀት መሥራት በፈቃድ ይሁን፤ ሠራተኛው ቢሮ ካለው እኩል መብት ይኑረው፤ መሣሪያውን በመደበኛው አሠሪው ያቅርብ፤ ከሠራተኛ ተወካዮች ጋር እንዳይገናኝ የሚያግደው ነገር አይኑር ብለዋል። የመጨረሻዋን ሐረግ ሳነብ ያላነሣሁት ስልክ ታወሰኝ። እኔን ማንም አላገደኝም፤ ራሴን ያገድሁት ራሴ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ማኅበር ታሪክ ማንበብ ጀመርሁ። የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በ1955 ዓ.ም. ተመሠረተ። በ1966 ዓ.ም. ከየካቲት 28 ጀምሮ ለአራት ቀን አገሪቱ አይታው የማታውቀውን አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ መታ። ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ፣ በመስከረም 1968 ዓ.ም.፣ የአየር መንገድ ሠራተኞች የማኅበሩን የአቋም መግለጫ በአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ሲያሰራጩ ወታደሮች ተኮሱ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ። በቀናት ውስጥ በከተማዋ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አንድ ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ለማሳለፍ ሲሉ የሞቱ ሰዎች፣ እኔ እንጀራ ከምበላበት ከዚሁ ሙያ የወጡ ናቸው። እኔ ደግሞ አንዲት ቃል በሌሊት ጽፌ ተኛሁ።

ሩቅም ሳንሄድ፣ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች የደመወዝ ጥያቄ አንሥተው ሥራ ባቆሙ ጊዜ ዘጠኙ ታስረው ነበር። የአየር ትራንስፖርት በአገራችን ሕግ የሥራ ማቆም አድማ ከተከለከለባቸው አገልግሎቶች አንዱ ነው። ሰማይ ላይ ያለ ሰው ሕይወት በመሬት ባለ ሰው ድምፅ ላይ ሲንጠለጠል ሕግ መጠንቀቁ አይደንቀኝም። የዓለም ሥራ ድርጅት ተቆጣጣሪ አካላትም የትራፊክ ቁጥጥሩን እንደ አንገብጋቢ አገልግሎት ያዩታል፤ የአየር ትራንስፖርቱን በጠቅላላው ግን እንዲህ አይመድቡትም። ሻንጣ ፈላጊና አውሮፕላን ተቆጣጣሪ በአንድ ገመድ ሲታሰሩ ነው ጥያቄው የሚነሣው። ቁጥጥሩም ቢሆን ዛሬ ቦታ መለወጥ ጀምሯል፤ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የለንደን ሲቲ አውሮፕላን ማረፊያን በረራ የሚመሩት ሰዎች ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው፣ ስዋንዊክ በሚባል ቦታ ተቀምጠው፣ በካሜራ እያዩ ነው። ሥራው ከሄደ ማኅበሩስ እንዴት ተከትሎት ይሂድ? ለአንድ የቆቦ ልጅ የቅንጦት ጥያቄ ሊመስል ይችላል። ለእኔ ግን የእንጀራ ጥያቄ ነበር።

መልሱን ፍለጋ ስባዝን የመጣልኝ አባቴ ነው። ቆላችን ዝናብ ያንሰዋል፤ ውኃው የሚመጣው ከተራራው በጎርፍ ነው። ክረምት ሲገባ ደጋው ላይ ዘንቦ ደረቁ ወንዝ ሌሊት በድንገት ሲያጓራ፣ ያንን ጎርፍ ከመንገዱ ጠልፎ ወደ ማሳ ማስገባት የራያ ገበሬ የቆየ ጥበቡ ነው። ቦዩ የሚጠረገው በበጋ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ የጎርፍ ሐሳብ በሌለበት ጊዜ ነው። በበጋ ያልቆፈረ በክረምት ውኃ አያገኝም። ስምንት ዓመት ሳይሞላኝ ይመስለኛል፣ አባቴ አንድ ሌሊት ቀስቅሶ ወሰደኝ። ከየቤቱ ሰው እየተጠራራ ይወጣል፤ አንዱ ሲጮህ ሌላው ተቀብሎ ያስተላልፋል። አባቴ የአንድ ጎረቤቱን ስም ሦስት ጊዜ ጠራ። መልስ ሲያጣ አካፋውን አስይዞኝ ሮጦ ሄዶ ሰውዬውን ከእንቅልፉ ቀስቅሶ አመጣው። «የራሱን ውኃ ራሱ ቢያጣ ምን አገባህ?» አልሁት በልጅ አፌ። «የእሱ ቦታ ከተናደ የእኔም አይቆምም» አለኝ። «ጎርፍ ብቻውን ለቆመ ሰው ጎርፍ ነው፤ አብሮ ለቆመ ነው ውኃ የሚሆነው።»

ይህን የሰማሁ ልጅ ነበርሁ ስልክ ያላነሣሁት።

በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦ ገባ። መብራቱ ሄደ፤ ኔትወርኩ ሄደ፤ መንገዱ ተዘጋ። ስለነዚያ ወራት ሌላ ጊዜ፣ አቅም ሳገኝ እጽፍ ይሆናል። ለዛሬ የምናገረው ይህን ብቻ ነው፤ የደንበኞቼ ሻንጣዎች በ21 ቀን ካልተገኙ የሚጠይቅላቸው ሕግ ነበራቸው። እኔ ሃያ አንድ ቀን ጠፋሁ፤ አርባ ሁለት ቀን ጠፋሁ፤ መቶ ቀን አለፈኝ። በአዲሱ ውሌ መሠረት ጉዳይ ካልፈጸምሁ ክፍያ የለኝም፤ ለተከታታይ ቀናት ካልተገኘሁም ውሉ እንደተቋረጠ ይቆጠራል። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. መንገዱ ተከፍቶ ኔትወርክ ካለበት ስደርስ ኢሜይሌን ከፈትሁ። የስንብት ደብዳቤዬ የተጻፈው በነሐሴ ነበር።

ከሥሩ ግን ሌላ ደብዳቤ አገኘሁ። የጻፈችው ባለ ሰማያዊ ደብተሯ ናት። ሠራተኛው ሥራውን ጥሎ የሄደ ሳይሆን ያለበት አካባቢ ግንኙነት የተቋረጠ መሆኑን፣ ይህም ከሠራተኛው ዐቅም በላይ መሆኑን ገልጣ፣ ስንብቱ እንዲነሣ ማኅበሩ ይጠይቃል ትላለች። ለእኔ ግልባጭ አድርጋልኛለች፤ እንደማላነበው እያወቀች። ለአንድ ዓመት መዋጮ አልከፈልሁም፤ ስልኳንም አላነሣሁም፤ ስሜን ግን ከደብተሯ አልሰረዘችውም። ወደ ሥራዬ አልተመለስሁም። በማኅበሩ ሙግት የሁለት ወር ደመወዝና የሥራ ልምድ ማስረጃ ተሰጠኝ። በቀጣዩ የኅብረት ስምምነት ላይ ደግሞ አንዲት አንቀጽ ገባች፦ ከቤቱ የሚሠራ ሠራተኛ ውል የሚለወጠው ማኅበሩ በጽሑፍ ሲያውቀው ብቻ ነው። እኔ አልተጠቀምሁባትም፤ ከእኔ በኋላ የመጡት ግን ተጠቅመውባታል።

ይቅርታ ልጠይቃት አዲስ አበባ ሄጄ አገኘኋት። ብዙ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ገና ስጀምር «ለእናትህ ቡና ገዝተህላት ሂድ፤ እኔን ተወኝ» አለችና ደብተሯን አውጥታ ያልከፈልሁትን ወራት አንድ በአንድ ትቆጥር ጀመር። ሙሉውን ከፈልሁ። ከዚያ ቀን ይልቅ ቀልሎኝ የሄድሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

አሁን በሌላ ተመሳሳይ መሥሪያ ቤት እሠራለሁ፤ ውዬ የማድረውም አዲስ አበባ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት በቆየ ጊዜ፣ ከቆቦ ሆኖ መሥራት የሚሉት ነገር በእኔ ፈቃድ ብቻ እንደማይወሰን ደግሜ ተምሬያለሁ። ከሥራዬ ጎን ግን አንድ ሌላ ሥራ ያዝሁ። ከቤታቸው የሚሠሩ ባልደረቦቻችንን ስምና ስልክ በአንድ ደብተር ጽፌያለሁ፤ አዳማ አለ፣ ሐዋሳ አለ፣ ደሴ አለ። በአሥራ አምስት ቀን አንድ ጊዜ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ተራ በተራ እደውልላቸዋለሁ። የታመመውን፣ የወለደችውን፣ ያለአግባብ የተቀጣውን እጽፋለሁ።

ባለፈው እናቴን ልጠይቅ ቆቦ በሄድሁ ጊዜ እሑዱ እዚያው ደረሰብኝ። ከቡናው አጠገብ ተቀምጬ ስደውል ቆየሁ። ቶናው ላይ ስልኬን ሳስቀምጥ፣

«ዛሬም የጠፋ ዕቃ ነው?» አለችኝ።

«ዛሬስ ሰው ነው፣ እማዬ።»

«ስንት ናቸው?»

«አሥራ አራት።»

«ሁሉም አሉ?»

«አንዱ አላነሣም።»

ሲኒውን አቀበለችኝና ወደ ስልኩ በአገጯ አመለከተች።

«በል በረካው ሳይደርስ ደግመህ ደውልለት» አለችኝ።